ፈተና ላይ የጠፋኝ ቃል በር ላይ ስደርስ ለምን መጣ?

የአዘዞዋ — እሑድ፣ ከምሽቱ 3:10

ሰላም የጎንደር ልጆች። ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት ሁለት ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው።

አንደኛው የራሴ ነው። ባለፈው ሳምንት ለመውጫ ፈተናው መለማመጃ ተቀምጠን ነበር። ሦስት ሳምንት አጥንቻለሁ። ማስታወሻዬን ከዳር እስከ ዳር አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ያሰመርኩበት ቢጫ ቀለም ሳይቀር ዓይኔ ላይ አለ። ወረቀቱን ስገልጥ ግን ጭልም አለብኝ። የአንዱ ጥያቄ መልስ በግራ በኩል ካለው ገጽ፣ ከታች፣ ከሥዕሉ አጠገብ እንዳለ አውቃለሁ። ቃሉ ግን የለም። አፌ ላይ ይመጣና ይመለሳል። ሰዓቱ አለቀና ወጣሁ። ከግቢው በር ላይ ቆሜ ቦርሳዬን ሳስፈትሽ ቃሉ ዱብ አለ። ማንም ሳይጠይቀኝ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

ሁለተኛው የእምዬ ነገር ነው፤ አያቴ ናት። ሰማንያን አልፋለች። ቡና ጠጥታ ሲኒው ሳይነሳ "ዛሬ ቡና አይፈላም እንዴ?" ትላለች። አንድ ጥያቄ በአንድ ጠዋት አራት አምስቴ ትጠይቀኛለች። ሰኞ ማለዳ ግን ውዳሴ ማርያሙን "ፈቀደ እግዚእ" ብላ ከጀመረች እስከ መጨረሻው አንድ ቃል አትስትም። አባቷ ቄስ ነበሩ። በልጅነቷ ወንድሞቿ ሲማሩ አጠገባቸው ቁጭ ብላ የያዘችው ነው። ከ70 ዓመት በፊት የሰማችውን ይዛ የዛሬን ጠዋት እንዴት ትረሳለች?

ነገሩ ጭንቅላታችን ውስጥ የት ነው የሚቀመጠው? እዚያ ካለስ ስንፈልገው ለምን አይመጣም? የሚያውቅ ያስረዳኝ።

---

ባለ ባጃጁ — እሑድ፣ ከምሽቱ 3:42

አይዞሽ እህቴ፣ የሁላችንም ነገር ነው። እኔ ከአዘዞ እስከ ቁስቋም ያለውን መንገድ ጉድጓዱ ሳይቀር አውቀዋለሁ። በሌሊትም አይጠፋኝም። ግን ሰው ደውሎ "በየት በኩል ልምጣ?" ሲለኝ ዝም ብዬ መናገር ያቅተኛል። ዓይኔን ጨፈን አድርጌ በሐሳቤ መንዳት አለብኝ። ፒያሳን አልፋለሁ፣ ቁልቁለቱን እወርዳለሁ፣ አንዲት ዋርካ አለች፣ እሷ ስትመጣልኝ ያኔ "አዎ፣ ወደ ግራ ታጠፍ" እላለሁ። ዋርካዋ ካልመጣች መታጠፊያውም አይመጣም። ይህስ ምንድን ነው? እኔም መልሱን እጠብቃለሁ።

---

ነጭ ጠመኔ — እሑድ፣ ከምሽቱ 4:25

እህቴ፣ ፊዚዮሎጂ አስተምራለሁ። ይህን ጥያቄ በየዓመቱ እሰማዋለሁ፤ ሁሌም መልሼ ማስረዳት ደስ ይለኛል። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

ብዙ ሰው ትዝታን እንደ ጎተራ ያየዋል። ያስገባነውን እህል በፈለግን ቀን ዝቀን የምናወጣ ይመስለናል። አእምሮ እንደዚያ አይሠራም። ትናንት የጠጣሽውን ቡና አስቢ። የሲኒው መልክ የሚያዘው ማየትን ከሚያከናውነው፣ ከጭንቅላትሽ በስተኋላ ካለው ክፍል ነው። የሙቀጫው ድምፅ በጆሮሽ በኩል ባለው ጎን ነው። ሽታው ሌላ ቦታ፣ ከጎረቤት የሰማሽው ወሬ ሌላ ቦታ። አንድ ቡና ብትንትን ብሎ ነው የሚቀመጠው።

ይህን ብትንትን አንድ ላይ የሚያስረው ሂፖካምፐስ የሚባል ክፍል ነው። ከጆሯችን በስተውስጥ፣ በግራና በቀኝ አንድ አንድ አለን። ስሙን ያገኘው የባሕር ፈረስ የምትባለውን ዓሣ ስለሚመስል ነው። ቡናውን ራሱን አይደለም የሚይዘው። የትኛው ቁራጭ ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ ነው የሚይዘው። በኋላ አንዱ ቁራጭ ሲነካ፣ ለምሳሌ ሽታው ሲመጣ፣ ሌሎቹን ይጠራቸዋል። ባለ ባጃጁ ወንድሜ፣ የአንተ ዋርካ ይህ ነው። ዋርካዋ የክሩ ጫፍ ናት።

ይህ እንዴት ታወቀ? በአንድ ሰው መከራ። ሄንሪ ሞላይሰን ይባላል፣ አሜሪካዊ ነው። የሚጥል በሽታው እጅግ ስለጠናበት እ.ኤ.አ. በ1953 ዊልያም ስኮቪል የተባለ ሐኪም ሂፖካምፐሱን ከግራም ከቀኝም ቆርጦ አወጣለት። ያኔ 27 ዓመቱ ነበር። በሽታው ቀለለለት። ከዚያ ቀን በኋላ ግን አዲስ ትዝታ መያዝ አልቻለም። ብሬንዳ ሚልነር የተባለች ተመራማሪ ለብዙ ዓመታት እየተመላለሰች አጥንታዋለች። በመጣች ቁጥር ለእሱ እንግዳ ናት። ልጅነቱን ግን ያስታውሳል። ወግ ያወራል። አንድ ቁጥር ብትሰጪው በውስጡ እየደጋገመ ይይዘዋል፤ ሐሳቡን ወደ ሌላ ስትወስጂው ግን ቁጥሩም፣ መጠየቁም ጭምር ይጠፋዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 እስኪሞት እንደዚያው ኖረ።

ከእሱ የተማርነው ይህን ነው። አዲስ ነገር ለመያዝ ሂፖካምፐስ ያስፈልጋል። የቆየው ነገር ግን በጊዜ ብዛት በላይኛው የአእምሮ ክፍል ሥር ይሰዳል፤ የሂፖካምፐስን ድጋፍ ያን ያህል አይፈልግም። የእምዬሽ ውዳሴ ማርያም ለምን እንደጸና ከዚህ ይጀምራል።

"ተቀመጠ" ስንልስ ምን ማለታችን ነው? የነርቭ ሴሎች የሚገናኙበት ቦታ ሲናፕስ ይባላል። ስንማር የሚለወጠው ይህ መገናኛ ነው። ኤሪክ ካንደል አፕሊዝያ የምትባል፣ ከውጭ ዛጎል የማይታይባት የባሕር ቀንድ አውጣ ላይ ይህን ሲያጠና ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2000 ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር ኖቤል ተሸልሟል። ለጥቂት ደቂቃ የምንይዘው ነገር ያለውን መገናኛ ለጊዜው ያጠነክረዋል። ለዓመታት የምንይዘው ግን አዲስ ፕሮቲን ያስሠራል፤ አዲስ መገናኛም ያበቅላል። ይህ ጊዜ ይፈልጋል። በአንድ ሌሊት ሽምደዳ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ስለ ፈተናው ነገ እመለሳለሁ።

---

የቅዳሜ ገበያዋ — ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:15

ልጆቼ፣ እኔ ቅዳሜ ገበያ ቅመም ስሸጥ 30 ዓመት ሊሞላኝ ነው። የምትጽፈው ታናሿ ልጄ ናት፣ እኔ እነግራታለሁ።

ባሕር ማዶ ያለችው ታላቋ ደውላ "እማ፣ የበርበሬውን ልክ ንገሪኝ፤ ለአንድ ኪሎ ኮረሪማው ስንት ማንኪያ ነው?" አለችኝ። አፌን ከፈትኩ። ምንም የለም። በሕይወቴ ስንት ፈረሱላ በርበሬ አዘጋጅቻለሁ፣ ግን ስንት ማንኪያ እንደሆነ አላውቅም! ደነገጥኩ። እርጅና መጣ ብዬ ሆዴ ባባ።

ታናሿ "ተነሽና ሥሪው" አለችኝ። ሰፌዱን አወረድኩ። ኮረሪማውን፣ ነጭ አዝሙዱን፣ ጥቁር አዝሙዱን፣ በሶብላውን ፊቴ ደረደርኩ። እጄን ስሰድ እጄ ራሱ ቆመ፣ "በቃ" አለ። ልጄ ያፈስኩትን እየተቀበለች በማንኪያ ሰፈረችው። ለነጭ አዝሙዱ እንዲሁ። ጥቁር አዝሙዱ ላይ ሁለት ጣቴ ብቻ ነው የገባው፣ እኔ አላዘዝኩትም። ሁሉንም ሰፍራ ለእህቷ ላከችላት።

መምህር፣ እጅ የሚያውቀውን አፍ እንዴት አያውቅም?

---

ነጭ ጠመኔ — ሰኞ፣ ከቀኑ 7:05

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ክፍል ውስጥ ኖሮኝ አያውቅም።

ሞላይሰን ላይ የተገኘው ትልቁ ነገር ይኸው ነው። ሚልነር አንድ ሥራ ሰጠችው። ወረቀት ላይ ኮከብ ተሥሏል፤ እጁንና ኮከቡን በመስታወት ውስጥ ብቻ እያየ ዙሪያውን በእርሳስ እንዲከተል። ሞክሩት፣ እጅ ወደ ተቃራኒው ነው የሚሄድ። በመጀመሪያው ቀን እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ከመስመር ወጣ። በሁለተኛው ቀን ተሻለው። በሦስተኛው ቀን አቀላጠፈው። ግን በየቀኑ "ይህን ሠርተህ ታውቃለህ?" ሲባል "ኧረ በጭራሽ" ነው የሚል።

ስለዚህ ማስታወስ አንድ ነገር አይደለም። "ምንድን ነው?" የሚለው አንድ ነው፣ "እንዴት ይሠራል?" የሚለው ሌላ ነው። የእጅ ሙያ፣ ብስክሌት መንዳት፣ እስክስታ በሌላ መንገድ ነው የሚያዙ፤ በተለይ ከሥር ባሉት ባዛል ጋንግሊያ እና ሴሬብለም በሚባሉት ክፍሎች። እዚያ ያለው በቃል አይነገርም፣ በሥራ ነው የሚወጣ። እርጅና አይደለም እትዬ። አፍዎን ነው የጠየቁ፣ እጅዎን መጠየቅ ነበረብዎ።

---

የቀሃ ልጅ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:30

የአዘዞዋ እህቴ፣ "አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ" ያልሽው ላይ ነው ልቤ የቀረው። እኔ አሁን ሱቅ ነው የምሠራ፤ ልጅነቴ ግን ያለፈው በደንቢያ በኩል በአብነት ትምህርት ነው። እዚያ "አንብቤዋለሁ" ብትዪ የኔታ አይሰሙሽም። "በይው" ነው የሚሉሽ።

እንዴት እንደነበር ልንገርሽ። የንባቡ ትምህርት በቀን ነው። የቃል ትምህርት ግን ማታ ነው፣ ሲጨልም። መብራት የለም። መጽሐፍ አይያዝም። ደበሏችንን ደርበን የኔታ ደጃፍ እንኮለኮላለን። እሳቸው አንድ ሐረግ ይላሉ፣ ልጁ ይቀበላል። ደግመው ይላሉ፣ ይቀበላል። ከዚያ ዝም ይላሉ። የዚያ ዝምታ ነገር! ልጁ ብቻውን ሊለው ነው። ከተሰናከለ ወዲያው አይነግሩትም። ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው ይጠብቃሉ። ብዙውን ጊዜ ከየት እንደሚመጣ ሳያውቀው ይመጣለታል። ካልመጣ የመጀመሪያዋን ፊደል ብቻ ይሰጡታል። ሙሉውን የሚነግሩት በመጨረሻ ነው። ያን የተሰናከለበትን ቃል ከዚያ ወዲያ አይረሳውም።

እያለን እንተኛለን። ዶሮ ሲጮህ ተነስተን የመጀመሪያ ሥራችን ያንኑ ያለ ማንም እርዳታ ማለት ነው። ከሳምንት በኋላ የኔታ ድንገት ያነሱታል። ከወር በኋላም ያነሱታል።

ሌላም አለ። ቁራሽ ልንለምን ስንወጣ በመንገድ ላይ እናነበንባለን። በእያንዳንዱ ቤት ደጃፍ አንድ ስንኝ ይደርሰኛል። ኃይለኛ ውሻ ያለበት አንድ ቤት ነበር። እዚያ ደጃፍ ላይ የያዝኩት ስንኝ ዛሬም ቤተ ክርስቲያን ሲባል ስሰማው የውሻው ጥርስ ይመጣብኛል። የሚቀጥለው ስንኝ ደግሞ ትኩስ ዳቦ የሰጡኝን እናት ይዞ ይመጣል። ያን መንደር በሐሳቤ ከዞርኩት ቀለሙም አብሮ ይመጣል።

---

ነጭ ጠመኔ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:50

ወንድሜ፣ የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የኔታ የሠሩትን ሳይንስ በቁጥር ያገኘው ብዙ ቆይቶ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አጭር ጽሑፍ አስጠኑ። አንዱ ቡድን ጽሑፉን አራት ጊዜ አነበበ። ሌላው አንድ ጊዜ አንብቦ፣ ሦስት ጊዜ ጽሑፉን ሳያይ ያስታወሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ያነበቡት በለጡ፦ 83 በመቶ ለ71። ከ1 ሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ። ያነበቡት 40 በመቶ ቀራቸው፣ ሲያስታውሱ የቆዩት 61 በመቶ። የአዘዞዋ፣ አራት ጊዜ ማንበብሽ የትኛው ቡድን ውስጥ እንዳስገባሽ ታያለሽ።

ደጋግመን ስናነብ ገጹ ይለመደናል። መለመዱን ማወቅ ይመስለናል። ቢጫው መስመር ዓይንሽ ላይ የቀረው ለዚህ ነው፤ ዓይንሽ ገጹን ለምዶታል፣ አፍሽ ግን ቃሉን ፈልጎ አውጥቶ አያውቅም። ማስታወስ ራሱ ነው መንገዱን የሚጠርገው። ክረምት ላይ ሰው ያልሄደበትን የእግር መንገድ ሣር ይውጠዋል። መንደሩ ግን ቦታው ላይ አለ።

በመካከል ማረፉም ትልቅ ነገር ነው። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ ትርጉም የሌላቸው ድምፆችን ራሱ እየሸመደደ ምን ያህል እንደሚረሳ ለካ፤ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1885 አሳተመ። በ1 ሰዓት ውስጥ ከግማሽ በላይ ጠፋበት። ከዚያ በኋላ ግን መርሳቱ እየዘገመ ሄደ። ሊረሳ ሲል ደግሞ መጥራት፣ ከዚያ ትንሽ ራቅ አድርጎ እንደገና መጥራት፤ የኔታ ማታ፣ ንጋት፣ ሳምንት፣ ወር ያሉት ይህን ነው። ማታ ብሎ መተኛቱም በከንቱ አልነበረም። ስንተኛ ሂፖካምፐስ የቀኑን ውሎ መልሶ ያጫውተዋል፣ ወደ ላይኛው ክፍል የሚተላለፈውም ያኔ ነው። ሌሊቱን ሳይተኛ የሚያጠና ሰው ይህን ያጣል።

መንደሩን እየዞርክ የያዝከው ደግሞ የጥንት ግሪኮች ንግግር ለመያዝ የተጠቀሙበት ዘዴ ነው። ቦታን ተራ በተራ በሐሳብ እየዞሩ በየቦታው አንድ ነገር ማኖር። ሂፖካምፐስ ቦታን የሚያውቅ ክፍል ስለሆነ ይሠራል። ባለ ባጃጁ፣ ይህን ልብ በል፦ ኤሌኖር ማጓየር የተባለች ተመራማሪ የለንደን ታክሲ ነጂዎችን ጭንቅላት በኤምአርአይ አይታ እ.ኤ.አ. በ2000 ያገኘችውን አወጣች። እነሱ ፈቃድ ለማግኘት ወደ 25,000 መንገድ በቃላቸው መያዝ አለባቸው። የሂፖካምፐሳቸው የኋላ ክፍል ከሌላው ሰው ተልቆ ተገኘ። በሥራ ላይ ብዙ በቆዩት ደግሞ ይበልጥ።

---

ባለ ባጃጁ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:10

ይህን ለባለቤቴ አነበብኩላት። መምህር፣ እግዜር ያክብርዎ። ሥራዬን በዚህ ዓይን አይቼው አላውቅም።

---

አራዳ — ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:30

ክሩ ጥሩ ነው። ግን አንድ ነገር አልዋጥልህ አለኝ። ሁሉም ትዝታ በቁራጭ ነው የሚቀመጥ ትላላችሁ። እኔ አንዳንድ ነገር እንደ ቪዲዮ ነው የማየው። ልጅ ሆኜ ጥምቀት ላይ፣ ፋሲል መዋኛ ውኃው ተባርኮ ሰው ሲዘል፣ አብሬ ገብቼ አንድ ሰው በእጄ ይዞ አወጣኝ። የውኃው ቅዝቃዜ፣ የዛፉ ሥር ግንቡን አቅፎ፣ ነጠላዬ ከብዶኝ። ሁሉም አለ። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ "የገባሁት እኔ ነኝ፣ አንተ ዳር ቆመህ ታለቅስ ነበር" ይላል። በዚህ ስንት ጊዜ ተኳርፈናል። እሱ እንደሚዋሽ እርግጠኛ ነኝ።

---

ነጭ ጠመኔ — ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8:20

ወንድምህ የሚዋሽ አይመስለኝም። አንተም አትዋሽም። እባክህ በዚህ አትኳረፉ።

አንድን ነገር ባስታወስን ቁጥር ቁራጮቹን ሰብስበን እንደገና ነው የምንገነባው። የጎደለ ካለ ሌላ ቦታ ከሰማነው፣ ካየነው፣ "እንዲህ ይሆናል" ብለን ከምንገምተው ይሞላል። የተሞላው ደግሞ ከእውነተኛው ጋር ተለውሶ ይቀመጣል። በሚቀጥለው ጊዜ የምናወጣው የተለወሰውን ነው።

ኤሊዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1974 ይህን አሳዩ። 150 ተማሪዎች የመኪና ግጭት ፊልም አዩ። አንዱን ቡድን "መኪኖቹ ሲጋጩ ፍጥነታቸው ስንት ነበር?" በሚመስል ለስላሳ ቃል ጠየቁት። ሌላውን "ሲደቃቀቁ" በሚመስል ከባድ ቃል። ሦስተኛውን ስለ ፍጥነት አልጠየቁትም። ከ1 ሳምንት በኋላ "የተሰበረ መስታወት አይታችኋል?" አሏቸው። ፊልሙ ላይ የተሰበረ መስታወት አልነበረም። ከባዱን ቃል ከሰሙት 50 ተማሪዎች 16ቱ "አይተናል" አሉ። ለስላሳውን ከሰሙት 50 ደግሞ 7ቱ። አንዲት ቃል ነች መስታወቱን የሰበረችው።

ቅዝቃዜው መሰማቱ፣ ነጠላው መክበዱ ለእውነትነቱ ማስረጃ አይሆንም። ፍርድ ቤት ምስክር ሲቀርብ ይህን ማሰብ ያስፈልጋል። ሰው ሳይዋሽ ሊሳሳት ይችላል።

---

አራዳ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:55

ለእናታችን ደወልኩ። "ውኃው ውስጥ የገባው የአክስታችሁ ልጅ ነው። እናንተ ሁለታችሁም ያን ዓመት ፈንጣጣ መሰል ነገር ወጥቶባችሁ ቤት ነበራችሁ። ማታ ሲያወራ ጉልበቱ ሥር ቁጭ ብላችሁ ሰምታችሁታል" አለችኝ።

ለወንድሜ ደውዬ ነገርኩት። ሁለታችንም ብዙ ዝም አልን። ቅዝቃዜው ግን አሁንም ይሰማኛል።

---

ፈተና ደረሰ — ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 5:00

እኔ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የቀሃ ልጅ፣ የአብነት ተማሪዎች አብሾ ጠጥተው ነው የሚይዙት ይባላል። እውነት ነው? የት ይገኛል? ጓደኛዬ የማስታወስ ክኒን እንግዛ ይለኛል።

---

የቀሃ ልጅ — ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:40

ታናሽ ወንድሜ፣ እባክህ እንዳትነካው። ወሬው እኛም ዘንድ ነበር። "እከሌ አብሾ ቀምሶ ነው እንዲህ የሆነ" ይባላል። ጎበዝ የነበሩትን ሳያቸው ግን ጎበዝ ያደረጋቸው ያ የጨለማ ዝምታ ነው። ጠጣ ተብሎ የተወራበት አንድ ልጅ ደግሞ ራሱን ስቶ ወላጆቹ መጥተው ሲወስዱት አይቻለሁ።

---

ሲስተር — ረቡዕ፣ ከቀኑ 9:15

በዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። አብሾ ከአስተናግር እንደሚሠራ ይነገራል። አስተናግር ውስጥ ስኮፖላሚንና አትሮፒን አሉ። ስኮፖላሚን ደግሞ ለማስታወስ የሚያስፈልገውን አሴቲልኮሊን የተባለ ኬሚካል ሥራ ያግዳል። ተመራማሪዎች የሰውን ማስታወስ ለጊዜው ማዳከም ሲፈልጉ የሚሰጡት እሱን ነው። ለማስታወስ ብለህ የምትጠጣው የሚያስረሳህን ነው ማለት ነው። መጠኑ ካለፈ ያቃዣል፣ ልብን ያስሮጣል፣ ይገድላል። ስለ ክኒኑም፣ ጤነኛ ልጅን ቀለሜ የሚያደርግ ክኒን የለም። ገንዘባችሁን እራት ብሉበት፣ በጊዜም ተኙ።

የአዘዞዋ፣ ስለ እምዬሽ። ትንሽ መዘንጋት በእርጅና ይመጣል፤ ቁልፍ የት እንዳስቀመጡ፣ የሰው ስም። በአንድ ጠዋት አንድን ጥያቄ አራት አምስቴ መጠየቅ ግን መታየት አለበት። የአልዛይመር በሽታ ከሆነ በአብዛኛው መጀመሪያ የሚጎዳው ሂፖካምፐስንና አካባቢውን ነው። የዛሬው የማይያዘውና የድሮው የሚቆየው ለዚህ ነው። ግን ወዲያው ወደዚያ አትሂጂ። የቫይታሚን ቢ12 ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ መድከም፣ ድብርት፣ የሚወስዱት መድኃኒት፣ ጆሮ በደንብ አለመስማት እንዲህ ሊያደርግ ይችላል። እነዚህ ይታከማሉ። "እርጅና ነው" ብለን ቤት አናስቀምጣቸው። የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዘሽ ሂጂ።

ደጋግማ ስትጠይቅሽ ደግሞ "አሁን ነግሬሽ አልነበር?" አትበያት። እሷ ሁሌም የምትጠይቀው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

---

ነጭ ጠመኔ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:20

የፈተናውን ነገር አዘግይቼዋለሁ፣ ይቅርታ።

አፍ ላይ መጥቶ የሚመለስ ቃል አልጠፋም። ብራውንና ማክኒል እ.ኤ.አ. በ1966 ይህን አጥንተዋል። ሰዎች ቃሉ ባይመጣላቸውም የመጀመሪያ ፊደሉንና ርዝመቱን በጥሩ ሁኔታ ይገምታሉ። አንቺም ገጹን ታውቂው ነበር። ክሩ በእጅሽ ነበር ማለት ነው።

ለምን አልመጣም? ስንደነግጥ ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ይነሳል፣ እሱ ደግሞ ማስታወስን ያደናቅፋል። በዚያ ላይ የሚመስለው የተሳሳተ ቃል አስቀድሞ መጥቶ መንገዱን ይዘጋል። ስንታገለው ይብስበታል። በሩ ላይ ስትደርሺ ድንጋጤው ወጣልሽ፣ የሚዘጋውም ተነሳ።

ሦስተኛው ቦታ ነው። ጐደንና ባደሊ የተባሉት እ.ኤ.አ. በ1975 ስኮትላንድ ውስጥ ጠላቂ ዋናተኞችን ቃላት አስጠኑ፤ ከፊሉን ውኃ ውስጥ፣ ከፊሉን የብስ ላይ። ውኃ ውስጥ ያጠኑት ውኃ ውስጥ ሲጠየቁ ይበልጥ አስታወሱ፤ የብሱም እንዲሁ። አንቺ ሁሌም አንድ ክፍል ውስጥ፣ አልጋ ላይ ካጠናሽ ቃሉ ከአልጋው ጋር ይታሰራል። ቦታ እየቀያየርሽ አጥኚ። አንዳንዴም ወንበር ላይ፣ ሰዓት አስቀምጠሽ።

ፈተና ላይ ቃል ሲሰወርሽ አትታገዪው። እለፊው። ስትመለሺ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያልሽ ፊደሉን በልብሽ ቁጠሪ። ትክክለኛው ፊደል ላይ ስትደርሺ ብዙ ጊዜ ይከተላል። የኔታ የመጀመሪያዋን ፊደል ብቻ ይሰጡት የነበረው ለዚህ ነው።

---

የአዘዞዋ — እሑድ፣ ከምሽቱ 2:45

ሳምንት ሆነኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ መምህርን በተለይ።

ማስታወሻውን ዘግቼ ባዶ ወረቀት ላይ የማስታውሰውን መጻፍ ጀምሬያለሁ። በመጀመሪያው ቀን ግማሽ ገጽ አልሞላም። በጣም ከፋኝ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ያጠናሁት እንዲህ ነው ወይ ብዬ። በሦስተኛው ቀን አንድ ገጽ ተኩል ሞላ። የተሰናከልኩበት ቦታ ሁሉ አሁን በደንብ ይታወቀኛል። ቦታም እቀይራለሁ፤ አንድ ቀን እቤት፣ አንድ ቀን ቤተ መጻሕፍት።

እምዬን ሐሙስ አስመረመርኳት። የደም ውጤቱ ገና አልመጣም። አንድ ጆሮዋ ግን በጣም ደክሟል፤ ሐኪሙ ከምንነግራት ግማሹን አትሰማም አለን። ይህን እስከ ዛሬ አላወቅንም ነበር። አሁን በሚሰማው ጆሮዋ በኩል ቁጭ ብዬ ነው የማወራት።

ትናንት ማታ መብራት ጠፍቶ ነበር። እምዬና እኔ ብቻችንን ነበርን። የቀሃ ልጅ የጻፈው ትዝ አለኝና "ውዳሴ ማርያም አስተምሪኝ" አልኳት። አንድ ሐረግ አለች፣ ተቀበልኳት። ደግማ አለች፣ ተቀበልኳት። ከዚያ ዝም አለች። ሦስተኛው ቃል ላይ ጠፋኝ። በጨለማው ውስጥ ጉሮሮዋን ጠረግ አድርጋ ጠበቀችኝ።

ዛሬ ጠዋት ማስተማሯን አታስታውሰውም። እኔ ግን ሐረጉን ይዤዋለሁ፤ ማታ ሁለተኛውን እጠይቃታለሁ።